ጋሼ በሱቃችን በር ላይ የጨመሩት አራተኛ ዓይን

ወደ ስልጠናው የሄድኩት ለምሳው ነው፤ ምን ልዋሽ። ያኔ መንግሥት ወጣቱን በጥቃቅንና አነስተኛ የሚያደራጅበት፣ ጎረቤቱን አንድ ለአምስት የሚያስተሳስርበት፣ አልደራጅ ያለውን ደግሞ ስልጠና የሚጠራበት ዘመን ነበር። እኔም ዲግሪዬን ይዤ ቤት ከገባሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ስለነበር ስልጠና የተባለ ሁሉ አያመልጠኝም። ዶሮ እርባታ ሠልጥኛለሁ። ንብ ማነብም ሠልጥኛለሁ፣ ንብ እንደ ጅብ እየፈራሁ።

ያን ቀን አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሸሚዙ ላይ አንድ መጨማደድ የማይታይበት ልጅ ነበር። ግድግዳው ላይ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ የሞላበት ካሬ አሳየንና ኪውአር ኮድ ይባላል አለን። ሱቃችሁ በር ላይ ትለጥፉታላችሁ፤ ደንበኛው የስልኩን ካሜራ ሲያነጣጥርበት የሱቃችሁ ገጽ፣ የዕቃው ፎቶ፣ ዋጋው፣ ማዘዣው ሁሉ ስልኩ ላይ ይመጣለታል አለ። በተግባር ሊያሳየን ስልኩን አነሳ፤ ኔት የለም። ከምሳ በኋላ አሳያችኋለሁ አለ። ከምሳ በኋላም ኔት የለም። እኔ ግን ሳላይ አመንኩ።

ለማመኔ ምክንያት ነበረኝ። እናቴ እዚሁ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ሙሸበክ ትሸጣለች። ሊጡን በቀዳዳ ጣሳ የፈላ ዘይት ላይ እያዞረች ታፈሰዋለች፣ ሲጠበስ አውጥታ ስኳር ውኃ ውስጥ ትነክረዋለች፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሳደገችኝ በዚሁ ነው። በኋላ ፒያሳ ላይ መስታወቱ የሚያብለጨልጭ ኬክ ቤት ተከፈተና የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ወደዚያ ነጎደ። እማዬ ሪዝቅ ከአላህ ነው ትልና ጣሳዋን ማዞሯን ትቀጥላለች። ለእኔ ግን ሪዝቁን፣ እንጀራዬን፣ ራሷ ፈልጋ አግኝታልኝ ነበር። ኮምቦልቻ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራው አክስቴ ቦታ ይዛልኛለች።

ፋብሪካ መሥራት ነውር ሆኖብኝ አይደለም። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አክስቴ ሻይ ስጡኝ ስትል እንኳ ጎረቤት ይሰማታል፤ ማሽኑ ጆሮዋን ስላደነዘዘው ቤቷ ሆናም ትጮኻለች። ሥራ ላይማ ጩኸትም አይሰማም፣ በእጅ ምልክት ነው የሚግባቡት። እኔ ደግሞ ወሬ ነፍሴ ነው። ስምንት ሰዓት ሙሉ አፌን ዘግቼ የተበጠሰ ክር ስቀጥል ታየኝና እንባዬ መጣ።

ስለዚህ እማዬን ለመንኳት። ካሬውን በሩ ላይ እናድርገው፣ ደንበኛ ይጎርፋል፣ እኔም እዚሁ ሱቁን አግዝሻለሁ አልኳት። ጣሳዋን እያዞረች ሰማችኝና ፈረደች።

«እስከ አረፋ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ በዚያ ካሬሽ በኩል መጥቶ ከገዛ ትቀሪያለሽ። ካልመጣ ወደ አክስትሽ ትወርጃለሽ፤ ወላሂ።»

እናቴ ወላሂ ካለች አለቀ፣ የሰፈር ሽማግሌ ተሰብስቦም አያስለውጣትም።

አረፋ አንድ ወር ቀርቶት ነበር። ገጹን ከጓደኛዬ ጋር ሠራሁት። የሙሸበኩን ፎቶ ስናነሳ ጓደኛዬ የተነሳውን ሁሉ እየበላ አስቸገረኝ። ካሬውንም በወረቀት አሳተምኩ። ችግሩ ክረምት መሆኑ ነው። የደሴ ዝናብ ወረቀት ቀርቶ ቆርቆሮ አያስተርፍም። ባነር ላሳትም ብል እማዬ አንድ ሰው ሳይመጣ አንድ ሳንቲም አላወጣም አለች። ያኔ ጋሼ ትዝ አሉኝ።

ጋሼ የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበሩ። የከተማውን ታፔላ ግማሹን የሣሉት እሳቸው ናቸው፤ የፀጉር ቤቱን ቁንዳላ፣ የልብስ ሰፊውን መቀስ፣ የሥጋ ቤቱን በሬ። በልጅነታቸው ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሥር ሆነው ነው የተማሩት። ለዚህም ይመስለኛል፣ በሬውን በጎኑ ሲሥሉት እንኳ ሁለቱንም ዓይኖቹን ይሥሉለታል። ሰው ይስቃል፤ በሬው ግን አላፊ አግዳሚውን ምን አደረግኳችሁ በሚል ዓይን ያያል። ባነር ማተሚያው ከመጣ ወዲህ ሥራ ቀዝቅዞባቸው ነበርና ካሬውን ሳሳያቸው ፊታቸው በራ። በዘይት ቀለም እሠራልሻለሁ፣ የአባትሽ ሱቅ ነው፣ ስለ ክፍያ እንዳታነሺብኝ አሉ።

የሚሥሉበት ዕለት አክስቴ ለማየት ብቻ ነይ ብላ ስለጠራችኝ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ፋብሪካውን አየሁት። አንዷን ልጅ ሥራው እንዴት ነው ብዬ ብጠይቃት ጆሮዋን አሳይታኝ ሳቀች። ስመለስ ፀጉሬ ላይ የጥጥ ብናኝ ይዤ በሚኒባስ ወደ ደሴ ጉም ወጣሁ።

በሩን ሳየው ሁሉንም ረሳሁት። ማሻአላህ! መስመሩ በክር የተለካ፣ ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ። ነጠብጣቧ አንዷ ከአንዷ አትበልጥም። ቀረብ ብዬ አየሁት። የኪውአር ኮድ ሦስት ማዕዘኖቹ ላይ ዓይን የመሰለ ትልልቅ ካሬ አለው፤ አራተኛው ማዕዘን ባዶ ነው፣ እዚያ ላይ ዓይን የለም። ወረቀቴን አየሁ፤ ሦስት። በሩን አየሁ፤ አራት። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አራት ናቸው። ድምፄን አለስልሼ፣ ጋሼ ይቺ በታች በኩል ያለችው ከየት መጣች ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጎድሎ ነበር፣ ሞላሁት» አሉኝ፣ እጃቸውን በላምባ እየጠረጉ። «እኛ ስንማር ዓይኑ ጎዶሎ ሆኖ የሚሣለው ክፉው ነው፤ ሰይጣንና ይሁዳ። በአባትሽ ሱቅ በር ላይ ዓይነ ጎዶሎ አልሥልም።»

ስልኬን አውጥቼ አነጣጠርኩ። ስልኩ ካሬውን ያያል፣ ካሬው በአራት ዓይኑ ስልኩን ያያል፣ ሌላ ነገር የለም። ብቀርብም ብርቅም ያው ነው። ጋሼ ብሩሻቸውን ይዘው፣ ልጁ ፈተና አልፎ እንደሆነ እንደሚጠብቅ አባት ቆመዋል። እንዴት ነው አሉኝ።

«ኔት የለም፣ ጋሼ።»

ከአፌ አመለጠ። አይዞሽ ይመጣል ብለውኝ፣ ቀለማቸውን ሰብስበው ደስ እንዳላቸው ሄዱ።

አሁን እናንተ ለምን እውነቱን አልነገርሻቸውም ትሉኝ ይሆናል። እስቲ እናንተ ንገሯቸው! በነፃ የሠሩ፣ የአባቴን ቀብር ከፊት ቆመው ያስፈጸሙ ሰውዬ፣ በስንት ጊዜያቸው ያገኙት ሥራ፤ ተበላሽቷል ልበላቸው? ወረቀቱን በፕላስቲክ ሸፍኜ አጠገቡ ብለጥፈውስ ብዬም አስቤ ነበር። ግን በየቀኑ በዚያ በር ያልፋሉ። የእሳቸውን ሥዕል በወረቀት አርሜ ከማሳያቸው ክር ብቀጥል ይሻለኛል አልኩ። ይሉኝታ ይዞኝ ገደል ገባሁ።

በሁለት ቀን ውስጥ የካሬው ወሬ ሆጤን አዳረሰ። አጃኢብ ነው፣ የሙሸበኳ ሴትዮ በር ላይ ኮምፒውተር ተሣለ ተባለ። ስልክ ያለው ሁሉ እየመጣ ያነጣጥራል። ሲያቅተው ወደኔ ዞሮ ምን ሆኖ ነው ይላል። ኔት የለም እላለሁ። አንድም ሰው አልተጠራጠረም። በዚያ ዘመን ሌላ ምን ቢዋሽ ይነቃል፤ ኔት የለም የሚለው ግን ምስክር አይጠየቅበትም። እንዲያውም ያግዙኛል፤ አንዱ ዝናቡ ነው ይላል፣ ሌላው ከላይ ዘግተውት ነው ብሎ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ስልኩን ወደ ሰማይ የሚዘረጋ አለ፤ መንገድ ተሻግሮ ድንጋይ ላይ የሚወጣም ነበር። እማዬ ደግሞ ሰው በሯ ላይ ደርቆ ሲቆም አትወድም፣ ቆማችሁ አትጠብቁ ቅመሱ እያለች ትኩሱን ታዞርላቸዋለች። የቀመሰ ይገዛል። ሱቁ እንደዚያ ሰው ሞልቶበት አያውቅም።

እኔም አበቃ፣ አሸነፍኩ ብዬ እማዬ ፊት ቀረብኩ። ይኸው ሰው መጣ አይደል አልኳት። ጣሳዋን ሳታቆም፣ በር ላይ ቆሞ የገዛ በበር ነው የመጣው፣ በካሬው በኩል የመጣውን አሳዪኝ አለችኝ። ዳኛ መሆን ነበረባት ይቺ ሴትዮ።

ሲጨንቀኝ ማጭበርበር ጀመርኩ። ያን ሙሸበክ በሊታ ጓደኛዬን፣ ስልኬ ላይ አይቼ ነው የመጣሁት ብለህ ግዛ ብዬ ላክሁት። ደህና አድርጎ ጀመረው። እማዬ ሙሸበኩን ጠቅልላ፣ ልትሰጠው እጇን ዘርግታ፣ እስቲ ወላሂ በል አለችው። ቤት የረሳሁት ነገር አለ ብሎ ወጣ። እስከ አረፋ ድረስ በእኛ በር አላለፈም።

ከሁሉ የከፋብኝ ግን ጋሼ ነበሩ። ልጃቸው የሰጠቻቸውን ስልክ በኪሳቸው፣ ዣንጥላቸውን በእጃቸው ይዘው በየቀኑ ከምሳ በኋላ ይመጣሉ። ዛሬስ? ይሉኛል። ኔት የለም እላለሁ። ግድየለም እጠብቃለሁ ብለው በሩ አጠገብ ይቆማሉ። ቆመውም ዝም አይሉም፤ የሚያልፈውን ሁሉ ያስቆማሉ፣ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ካሬውን አየኸው ወይ፣ ኔት እስኪመጣ ሙሸበኩን ቅመስ ይላሉ። ሙሸበክ ዱቄትና ስኳር ነው ጾም አይፈታም እያሉ ረቡዕና ዓርብ ሳይቀር ጿሚውን ይሰበስባሉ። ዝናቡ ሲበረታ ይግቡ ብላቸው አይገቡም። ማታ ነገ እነግራቸዋለሁ ብዬ አስባለሁ፣ ሲመጡ ያው ኔት የለም እላለሁ።

አረፋ አራት ቀን ሲቀረው እማዬ ሻንጣ ገዝታ አልጋዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። ቀይ ሻንጣ። ሳየው አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ ማሰብ ጀመርኩ፤ እናም አንድ ተንኮል መጣልኝ። ወረቀት ቤት ሄጄ ትክክለኛውን ኮድ የክብሪት ሣጥን የሚያክል አድርጌ አሳተምኩት። በማግስቱ ጠዋት እማዬ ሊጥ ስትመታ፣ ጋሼ በጨመሩት አራተኛ ዓይን መሐል ላይ፣ ልክ እንደ ብሌን አድርጌ ለጠፍኩትና ብርሃን በሚያስተላልፍ ፕላስተር ሸፈንኩት። ከሩቅ አይታወቅም። ስልኬን ጠጋ ሳደርገው ገጹ ፍንትው ብሎ ተከፈተ። ብቻዬን በሩ ላይ ዘለልኩ።

ከምሳ በኋላ ጋሼ መጡ። ዛሬስ? አሉ።

«ዛሬ መጥቷል ጋሼ። በዚች በእርስዎ ዓይን በኩል ጠጋ ያድርጉት።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ጎንበስ ብለው ስልካቸውን አስጠጉ። ገጹ ሲከፈት በአንድ ጣታቸው፣ ፊደሉን እየፈለጉ፣ ለአረፋ ለጎረቤቶቻቸው የሚሆን ሁለት ኪሎ ሙሸበክ አዘዙ። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልኬ ጮኸ። እማዬ እጇን እየጠረገች ወጣች። ትዕዛዙን አሳየኋት። እሷ ግን ስልኬን ትታ እሳቸውን አየች፤ ጋሼ በካሬው በኩል ነው የመጡት ብላ ጠየቀቻቸው።

«በካሬው ነው፣ በመድኃኔዓለም።»

አልሐምዱሊላህ አለች። ቀዩን ሻንጣ ከዚያ በኋላ ዱቄት አስቀመጠችበት።

እሷ ስትገባ ትዕዛዙን ጠቅልዬ አመጣሁላቸው። ጋሼ በሩ ላይ ጎንበስ ብለው፣ የለጠፍኳትን ወረቀት ጠርዝ በጥፍራቸው እየነኩ ነበር። ቀና ሳይሉ በቀስታ አናገሩኝ።

«ዓይኑ ሦስት ብቻ መሆን እንዳለበት ልጄ የነገረችኝ ከሣልኩት በሦስተኛው ቀን ነው፣ የኔ ልጅ። ኔት ቢመጣም እንደማይከፍት አውቅ ነበር።»

ታዲያ በዚያ ሁሉ ዝናብ ለምን ይቆሙ ነበር አልኳቸው።

«ያበላሸሁት እኔ አይደለሁ? ካሬው ሰው መጥራት ካቃተው እኔ ልጥራ ብዬ ነው።»

ያን ወር ሙሉ በራችን ላይ የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ አስታወስኩ፤ ማን ሰላም ብሎ እንዳስቆመው፣ ማን ቅመስ እንዳለው። እኔ እሳቸውን እየሸፈንኩ መስሎኝ ነበር። የምለው ፈለግሁ፤ አንድ ቃል አጣሁ። ሙሸበኩን ተቀበሉኝ፣ ዣንጥላቸውን ዘረጉ፣ ቁልቁል ወደ ቤታቸው ሄዱ። ለካ ዝም ማለትም እችላለሁ። ለእማዬ ግን ይህን ችሎታዬን አልነገርኳትም፤ ዱቄቱን ከሻንጣው እንዳታወጣ።