«ኤሳ?»

አክስቴ በደርግ ጊዜ አሰላ ነርስ ነበሩ። የካንሰር ቁስል ከመንካታቸው በፊት በኦሮምኛ «ኤሳ?» ይላሉ፤ «የቱ ጋ ነው?» ማለታቸው ነው።

አንድ ቀን ጡቷ በካንሰር የቆሰለ ከሳጉሬ የመጣች ሴት የሚያማትን ቦታ ስታሳያቸው፣ ፋሻውን ፈተው እንደገና ማሰር ጀመሩ። አንድ አብዮት ጠባቂ «የሕዝብ ፋሻ ታባክኛለሽ!» ብሎ አፋቸውን በሰደፍ መታቸው። ጥርሳቸውን ከነደሙ ተፉና፣ «ሳልጠይቅ ባስረው ሲያማት ቀዳ ትጥለዋለች፤ ጠይቄ ያሰርኩት ይሰነብታል። አባካኙ አንተ ነህ!» አሉት። ከዚያ በደማ አፋቸው ወደ ሴትዮዋ ዞረው «ኤሳ፣ እናቴ?» አሉ።

እሳቸውንም የወሰዳቸው ካንሰር ነው። ትናንት ገናዦቹ የአክስቴን እጅ በክር ጠበቅ አድርገው ሲያስሩ፣ መሃላቸው ገብቼ ክሩን በጠስኩት።

«ቆዩ!» ብዬ ጮህኩ። «መጀመሪያ ጠይቋቸው!»