ከእጅ የማይወጣ በትር

ቅቤ የጠጣ እንጨት እንዴት እንደሚሸት ታውቂያለሽ? ለዓመታት ለጋ ቅቤ ሲቀባ ኖሮ ሽታው ውስጡ የቀረ እንጨት ማለቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ከፋብሪካ ወጥቼ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብበን ተቀምጠን ሳለ፣ አንዲት እናት በነጠላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘው ገቡ። ጫፉ ትከሻዬ ላይ አረፈ። «አስቸገርኩሽ ልጄ» አሉኝ። ራሴን ነቀነቅኩላቸው። ነጠላውን ሳይፈቱትም ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያንን ሽታ አሽትቼው አላውቅም ነበር።

ሲንቄ ይባላል። ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። ሴት ስትበደል ወይም ሰፈር ሲጣላ ሴቶቹ ሁሉ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ የተዘረጋ ሲንቄ ተሻግሮ የሚያልፍ ወንድ የለም። ወንድ በእጁም አይነካውም። የእናቴ ከአርሲ በሙሽርነቷ አብሯት የመጣ ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ ዘመዶቹ ከግቢያችን ሊያስወጡን ሲመጡ፣ የሰፈሩ ሴቶች በራችን ላይ ሲንቄያቸውን ዘርግተው ቆመው መለሷቸው። ከፊት የቆመችው አክስቴ ናት፣ የእናቴ ታላቅ እህት።

ይህን የምነግርሽ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የሆነውን ነው። የምንሄድበት የካቶሊክ ቤተክርስቲያን አቃቂ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነበር። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ስለሚንቀጠቀጥ ቄሱ ጸሎታቸውን ገታ አድርገው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። ከደቡብ የመጡ ወጣት ቄስ ነበሩ። አንድ እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ እንዲህ አሉን፦

«ይህ አገር እርቅ የሚያወርድበት በትር አለው። ክርስቶስም የመጣው ሊያስታርቅ ነው። በትሩ ከመስቀሉ አጠገብ ቢቆም ምን ነውር አለው?»

ለሚመጣው የቤተክርስቲያኑ በዓል ቅዳሴ አንዲት እናት ሲንቄዋን ይዛ ከመባው ጋር እንድትገባ ፈልገው ነው። ግማሹ ሰው አጨበጨበ። ከገላን ኮንዶሚኒየም የሚመጣ አንድ ሰውዬ ግን ተነሣና «ነገ ደግሞ ዛፍ ቅቤ ቀቡ በሉን!» አለ።

«የገና ዛፍ ስታቆም ማን ጠየቀህ?» አለችው አንዲት ሴት ከኋላ።

ሰው ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም፤ ቄሱ እሷን ነበር የሚያዩት።

«ይዤ እገባለሁ አባ» አለች ቀስ ብላ። «ግን ከእጄ አይወጣም።»

«ገብቶኛል እናቴ። ይዘውት አጠገቤ ይቆማሉ፣ በቃ።»

አክስቴ ይህን ስትሰማ ደጃችን ላይ መጥታ ቆመች። ቤተክርስቲያን አትሄድም።

«ሲንቄ ለተበደለ ነው የሚወጣው። ለታይታ አይወጣም።»

«ለታይታ አይደለም፣ ለእግዜር ነው።»

«ዋቃ ሲንቄሽን አይቶት አያውቅም እንዴ?»

«እሱ አይቶታል። እኔ ነኝ እዚያ በገባሁ ቁጥር ውጭ ትቼው የምገባው።»

አክስቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድ እጅ ከገባ ከእኛ ጋር አትሰለፊም። እህቴ ነሽ ብዬ አልጠራሽም» አለች።

«መጥተሽ እዪ» አለቻት እናቴ። «ከእጄ አይወጣም።»

በበዓሉ ቀን የቤተክርስቲያኑ ሲሚንቶ ወለል ላይ እርጥብ ሳር ተጎዝጉዞ ነበር። ጣሪያው ላይ ለብርሃን በገባችው ላስቲክ በኩል ቢጫ ብርሃን ይወርዳል፤ የሳሩና የላባችን ሽታ ተቀላቅሏል። እኔ ከመዘምራኑ መጨረሻ ቆሜያለሁ። አክስቴ መጣች፤ አንድ እግሯን ደፉ ላይ፣ አንዱን ውጭ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

ኅብስቱ ገባ። ቄሱ ተቀብለው መሠዊያው ላይ አኖሩ። ወይኑ ገባ፤ እሱንም ተቀበሉ። ቀጥሎ እናቴ ነጭ ለብሳ ሲንቄውን ቀጥ አድርጋ ይዛ ቀረበች። ቄሱ ዞሩ፤ ሁለት እጃቸውንም ዘረጉላት።

ክፋት አልነበረበትም። መባ ሲመጣ መዘርጋት የለመደ እጅ ነው። ወዲያው ትዝ እንዳላቸው ከፊታቸው አየሁ፤ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። እጃቸው ግን እንደተዘረጋ ቀረ። ሰው ሁሉ ያያል። መዝሙሩ ቆመ። እናቴ አልተንቀሳቀሰችም፤ በትሩን ጠበቅ አድርጋ ይዛለች።

«ስጫቸው እንጂ!» አለ ካቴኪስቱ፣ ትምህርት የሚያስተምረን ሰውዬ፣ በሹክሹክታ። የገላኑ ሰውዬ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

እናቴ ወደ በሩ አየች። ከዚያ የቄሱን እጅ አየች። በልቤ «አትስጪ፣ አትስጪ» እላለሁ፤ የማደርገው ጠፍቶኝ የጓደኛዬን ቀሚስ ጨምድጄ ይዣለሁ። እናቴ ራሷን ዝቅ አደረገችና በትሩን እጃቸው ላይ አኖረችው።

በሩን ዞሬ ሳይ አክስቴ የለችም።

ቄሱ በዚያው ቀን ከሰዓት ቤታችን መጡ። በርጩማ ሲቀርብላቸው አልቀመጡም።

«ታላቅ እህትዎን ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ» አሉ።

«ይተዉት አባ። በዚህ ወንድ አይገባበትም።»

ከሄዱ በኋላ ለምን እንደሰጠች ጠየቅኳት። «ልጅ እኮ ናቸው» አለችኝ። «እንዴት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጃቸውን ባዶ ልመልሰው?»

ክረምቱን ሙሉ እህትማማቾቹ አልተነጋገሩም። በአንድ አጥር ተለያይተን እየኖርን፣ አክስቴ ስታገኘኝ ፀጉሬን ትዳስስና እናቴን ሳትጠይቀኝ ታልፋለች። እናቴ ግን ሲንቄውን ቅቤ መቀባት አልተወችም። ቀብታ ስትጨርስ የቀረውን መዳፏ ላይ አሽታ ትቀመጣለች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት «የእናቴ ልጆች፣ ውጡ!» የሚል ጩኸት ሰማን። ከወንዙ ማዶ አንዱ ሚስቱን ደብድቧት ነው። ይህን የሲንቄ ጥሪ ሰምታ ቤቷ የምትቀር ሴት ትነወራለች። አትሰለፊም ተብላ የምትወጣን ደግሞ ከመንገድ ይመልሷታል። እናቴ ሲንቄዋን ይዛ ከቆርቆሮው በር ጀርባ ቆመች። ሴቶቹ በእጃቸው እርጥብ ሳርና በትር ይዘው እየዘመሩ አለፉ። አንዷም በራችንን አላንኳኳችም።

የመጨረሻዋ ስታልፍ እናቴ በሩን ከፈተች። ራቅ ብላ ለብቻዋ ተከተለቻቸው። እኔም ከኋላዋ ሄድኩ። ይመልሷት ይሆን እያልኩ የሰልፉን ጀርባ አያለሁ።

መንገዱ ወደ ወንዙ ሲወርድ ሰልፉ ቆመ። ዝማሬውም ቆመ። ከፊት የነበረችው አክስቴ ናት ያስቆመችው። ፊቷን አላዞረችም።

«እግርሽን አንሺ እንጂ!» ብላ ጮኸች። «የተደበደበች ሴት እየጠበቀችን ነው!»

እናቴ ስትሮጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።