በፍልሰታ የተበላው ቋሊማ

ስፔን ሲነሳ ሰው ሁሉ ስለ ባሕሩና ስለ አሸዋው ያወራል።  እኔ የማውቃት ስፔን ግን ባሕር የላትም፤ የምትሸተው የተጠበሰ የአሳማ ስብ ነው። ይኸው አርባን ተሻግሬ እንኳ ያ ሽታ ካለበት ካፌ ደጃፍ ስደርስ መንገድ እቀይራለሁ።

አሥር ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው። የምንኖረው ለንደን ሼፈርድስ ቡሽ፣ ሊፍቱ በየሳምንቱ በሚበላሽ የካውንስል ኪራይ ቤቶች ፎቅ ላይ ነበር። አባዬ ፓርክ ሮያል ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ከእሱ ጋር በአንድ ሽፍት የሚገባ ማኑዌል የሚባል ስፔናዊ ጓደኛ ነበረው። ማኑዌል የተወለደው ከፖርቱጋል ድንበር አጠገብ፣ ሲውዳድ ሮድሪጎ በምትባል በግንብ የታጠረች ጥንታዊ ከተማ ነው። በሻይ ሰዓት ስለዚያ ግንብ እያወራ አባዬን አማለለውና በነሐሴ፣ ሁለቱም ሆሊዴይ ሲወጡ፣ እናቴ ቤት ታርፋላችሁ ብሎ ይዞን ሄደ። እማዬ ጾም ነው ብላ ብታመነታም በመጨረሻ ግማሽ ሻንጣ ድርቆሽና ሽሮ ሞልታ ተነሳች። እኔም ጿሚ ነበርኩ፤ ፍልሰታ የልጆች ጾም ነው እየተባልኩ ነው ያደግሁት።

ከአውሮፕላኑ ወርደን በአውቶቡስ ብዙ ተጓዝን። ከፊታችን የተቀመጠው ሰውዬ ጫማውን አውልቆ አይብ ሲበላ፣ የትኛው ሽታ ከየትኛው እንደሚመጣ መለየት አቅቶኝ አፍንጫዬን በእማዬ ነጠላ ሸፍኜ ደረስኩ።

ከተማዋ እውነትም ታምራለች። ድንጋዩ ሁሉ የማር መልክ አለው፤ በግንቡ አናት ላይ ከተማዋን ዙሪያዋን መዞር ይቻላል። የካቴድራሉ ግንብ ፈንጣጣ እንደወጣበት ፊት በመድፍ ጥይት ተበሳስቷል። ማኑዌል ወደ አባዬ ዞሮ፣ እንግሊዞቻችሁ ከተማዋን ከፈረንሳዮች ሊያስለቅቁ መጥተው፣ ካስለቀቁ በኋላ እነሱው ዘረፉን አለው። አባዬ፣ ፓስፖርታቸውን ካገኘሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ በዚያ ውስጥ የለሁበትም ብሎ ሳቀ።

ቀጥሎ የወሰደን የፖፖ ሙዚየም ነው። አልተሳሳትኩም፤ ፖፖ ነው ያልኩት። የሸክላ፣ የመስታወት፣ አበባ የተሳለበት፣ ከየአገሩ የተሰበሰበ ፖፖ በየመደርደሪያው ተኮልኩሏል። በአንደኛው ውስጥ ከታች ወደ ላይ የሚያፈጥ ዓይን ተስሎበታል። ሁሉም ታጥቦ ያብለጨልጫል፤ እማዬ ግን ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አላወረደችም። አባዬን በአማርኛ፣ ቅርስ እያልክ ባሕር ያሻገርከኝ ሽንት ቤት ልታሳየኝ ነው ወይ አለችው። ማኑዌል ምን አለች ሲል፣ በጣም ወዳዋለች አለው። አባዬ እንዲህ ነበር፤ የሰው ፊት ሲጠቁር ማየት አይችልም።

ምሳ የበላነው በምናርፍበት በማኑዌል እናት ቤት ነው። ዶኛ ፒላር አጠር ያሉ፣ ጥቁር የለበሱ፣ ሰው ሲስሙ ድምፃቸው የሚሰማ ሴትዮ ነበሩ። ወጥ ቤታቸው ጣሪያ ላይ የአሳማ እግር ከነሰኮናው ተንጠልጥሏል፤ ከአንደኛው ስብ ጠብ ሲል በዓይኔ አየሁት። ጠረጴዛው ላይ ያቀረቡልን ደግሞ የአገራቸው መታወቂያ የሆነው ቋሊማ ነበር፤ የአሳማ ስብና ዳቦ ተደባልቆ አንጀት ውስጥ የተሞላ። ብርቱካንማ ዘይት እያላበው፣ በላዩ ላይ ሁለት ሁለት እንቁላል ተደርጎበታል። አሳማ፣ በዚያ ላይ እንቁላል፣ በዚያ ላይ ፍልሰታ።

በኋላ እንደሰማነው፣ ሴትዮዋ ልጃቸውን እንግዶቹ እስላም ናቸው ወይ ብለው ጠይቀውት ነበር። የለም፣ ክርስቲያኖች ናቸው አላቸው። ከዚያ በኋላ የሚጠረጥሩበት ምክንያት አልነበራቸውም። ከብርዱ ወራት ጀምሮ ያስቀመጡትን ምርጡን ቋሊማ አወረዱልን።

እማዬ ሆዴን አሞኛል ብላ በእጇ አሳየች። እኔን ደግሞ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ። ሴትዮዋ እጃቸውን አጣምረው የሚያዩት አባዬን ብቻ ነበር። አባዬ እኔንና እማዬን አየ፤ ከዚያ አማተበና ቆረሰ። ስቡ ከከንፈሩ ወደ አገጩ ወረደ። ማንቁርቱ ወደ ላይ ወጣ፣ ቆመ፣ ወረደ። እያንዳንዱን ጉርሻ ስትቆጥርበት የነበረችው እማዬ ፊቷ አመድ መሰለ። አባዬ በዳቦ ሳህኑን ጠርጎ ሲጨርስ እኔ አልቻልኩም። ወደ ጓሮው ሮጥኩና የሴትዮዋ የአበባ ማሰሮ ላይ አስመለስኩ።

ያኔ ነው ጾም ላይ መሆናችንና አሳማም እንደማንበላ የወጣው። ማኑዌል ቀልቶ ሲያስረዳ ዶኛ ፒላር ሽርጣቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ልጃቸውን በሳህን ማድረቂያው ጨርቅ ጀርባውን መቱት። ከዚያ አባዬ ዘንድ መጥተው ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙና አንድ ነገር ተናገሩ፤ ማኑዌል ተረጎመው።

«አንተ ሞኝ፣ እንቢ አይባልም እንዴ?»

አመሻሹ ላይ ሦስታችን ብቻ ግንቡ ላይ ወጣን። እማዬ ቀድማን ትሄዳለች። አባዬ እጄን ሊይዝ ሲል ያ ስብ የነካው እጅ መሆኑን አስቤ የራሴን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። አየኝ። ከዚያ ማዶ ወደ ፖርቱጋል እያየ ሰምቼው የማላውቀውን ነገር ለእማዬ ነገራት። ለንደን እንደገባ ብሪክስተን አንድ ክፍል ተከራይቶ ነበር። መጀመሪያ ቀን ወጥ ሲሠራ አከራይቱ አፍንጫዋን ይዛ መጣች፤ ድስቱን ከነወጡ ደጅ አውጥታ ደፋችው፤ ተመልሳም የሽታ ማጥፊያውን በእሱው ላይ ረጨችበት።

«ፊቷን እስከዛሬ አልረሳሁትም» አለ። «እኚህን ሴትዮ በዚያ ፊት ላያቸው አልቻልኩም።»

እማዬ ቆመች። የምታዝንለት መስሎኝ ነበር።

«ለእሳቸው አዘንክ» አለችው። «እኔስ? ይኼንን አፍ እያየሁ ልኖር አይደለም?»

«ሆድ ከአገር ይሰፋል ይባላል» አላት፤ ሊያስቃት ፈልጎ ነበር። አልሳቀችም።

ዶኛ ፒላር ከዚያ በኋላ ሽምብራ በቲማቲም እየሠሩ አስቸገሩን። እማዬ ግን መጥበሻው ያው መጥበሻ ነው ብላ፣ እዚያ ቤት እስካለን ድረስ ከሐብሐብና ከድርቆሽ በቀር አልቀመሰችም። የአባዬን ሳህንና ብርጭቆ ለየችበት። ለንደን ተመልሰንም እንደለየችበት ቆየች። እኔም ጉንጬን ሊስም ሲጎነበስ አናቴን እሰጠው ነበር። በመጨረሻ አባዬ ለንስሐ አባታችን ተናገረ። አባ ስግደት አዘዙለትና ወደ እማዬ ዞረው፣ አንቺም ሳህኑን መልሺለት አሏት። መለሰችለት፤ ግን መጀመሪያ በፈላ ውኃና በሎሚ ዘፍዝፋው አደረች።

ዶኛ ፒላር ካረፉ ቆይተዋል። ባለፈው ነሐሴ ባሌንና ልጆቼን ይዤ በዚያው ድንበር አካባቢ አለፍኩ። ሆቴሉን በስልክ ቡክ ሳደርግ የማንበላውን ነገር ምልክት አደረግሁበት፤ አስተናጋጁ የጾም ምግባችንን አምጥቶ፣ ቀና ብሎም ሳያየን ሄደ። ሁሉም ንጹሕ ነበር፤ የሚያቅለሸልሽ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ልጆቼ ስልካቸውን እያዩ በሉ። የማንንም ወጥ ቤት አላየንም፣ የማንም እናት ጉንጫችንን አልሳመችም፣ ስማችንን የጠየቀን የለም። ዛሬ ማንም ለማንም ብሎ የሚውጠው ነገር የለም።