ለአራስ ቤቴ የተቀለቡት

እርጉዝ መሆኔን ስነግራት እናቴ እልል አላለችም። ነጠላዋን አጣፍታ በቀጥታ ወደ ዶሮዎቹ ሄደች። አምቦ ባለው ቤታችን ጓሮ፣ ከማዕድ ቤቱ ግድግዳ ጋር የተለጠፈች የጭቃ ዶሮ ቤት አለችን። ደጃፏ ላይ ቁጢጥ ብላ አንድ በአንድ አየቻቸውና፣ «በሉ፣ ሥራ መጣላችሁ» አለቻቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ አንዲትም ዶሮ ገበያ አልወጣችም፤ ለእንግዳም አልታረደችም። ሁሉም ለአራስ ቤቴ ተመደቡ። በቆሎ እየበተነች፣ «ይቺ ቀይዋ ለመጀመሪያው ሳምንት፣ ያቺ ገብስማዋ ለክርስትናው» ትላለች። ጉደር ለሥራ የሚመላለሰው ባለቤቴ፣ «እማማ፣ እኛንስ እንዲህ የሚቀልበን ማን ነው?» እያለ ያስቃት ነበር።

ልጄ ሴት ነበረች። ሆስፒታል ወለድኳት፤ አላለቀሰችም። ነርሷ ጠቅልላ ወሰደቻት። አጠገቤ የተኛችው ሴት ወንድ ወልዳ፣ ጠያቂዎቿ በየተራ እየገቡ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይሏት ነበር። ወደ እኔ ሲዞሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እግዜር ይካስሽ» አሉኝ። ቤት ስገባም ጎረቤቱ ሁሉ ያለኝ ይህንኑ ነው። ክርስትና ላልተነሳች ሕፃን ድንኳን አይጣል፣ ለቅሶ አይቀመጡ፤ ገንፎም አይገነፋ ነገር። መጡ፣ ጥቂት ተቀመጡ፣ ሄዱ። ጡቴ ግን ነገሩን አልሰማም፤ ወተቱ ቀሚሴን ያርሰው ነበር።

እናቴ ሽሮ ሠርታ አበላችኝ። ዶሮዎቹ መስኮቴ ሥር ይጭራሉ፤ ማንም አልነካቸውም። ፋሲካ ሲደርስ ባለቤቴ፣ ቤት ሙሉ ዶሮ እያለ፣ ከገበያ አውራ ዶሮ ገዝቶ መጣ። እናቴም ለምን አላለችውም። ወፍረውና ላባቸው አብረቅርቆ ሳያቸው ታዳሚው የቀረበት ድግስ ይመስሉኛል። ጠላኋቸው።

ክረምት ገባ። አንድ ጧት የእናቴ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። ዝናብ ያራሰውን የዶሮ ቤት ግድግዳ ሽለምጥማጥ ቦርቡሮ ገብቶ ሁሉንም ፈጅቷቸዋል። በልቷቸው ቢሆን ጥሩ፤ አንገት አንገታቸውን ነክሶ ጥሏቸው ነው የሄደው። አልዋሽም፣ እኔን ቀለል አለኝ። እናቴ ግን ጭቃው ላይ ተቀምጣ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። ለልጄ እንዲያ አላለቀሰችም። ብልጭ አለብኝ።

«ለዶሮ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» ብዬ ጮህኩባት።

ቀና ብላ አየችኝ። ጩኸት ሰምተው የመጡት ሽማግሌ ጎረቤታችን የሞቱትን በጆንያ ሰበሰቡላትና፣ «ጀባዹ፣ በርቺ እንጂ! ዶሮ ይተካል» አሏት። ይተካል የሚለውን ቃል ልጄ የሞተች ሰሞንም ሰምቼው ነበር።

እናቴ ተካች። ግድግዳውን በቆርቆሮ ለበጠች፤ ዙሪያውን በእሾህ አጠረች። የፈረንጅ ዶሮ ግዢ ሲሏት፣ «እሷ መጣል እንጂ መታቀፍ መች ታውቃለች» ብላ እጃጂ፣ እኅቷ ዘንድ ሄደች። ለመታቀፍ የደረሰች ያበሻ ዶሮ በብብቷ ይዛ፣ እንቁላሉን ጤፍ ውስጥ ቀብራ፣ ቅርጫቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሚኒባስ ተመለሰች። ጨለም ያለ ጥግ ፈልጋ ገለባ ጎዝጉዛ አስታቀፈቻት። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ነይና እይ ብላ ጠራችኝ፤ አልወጣሁም። ሌላ ውለጂ እያለችኝ መሰለኝ። ሌላ ልጅ ደግሞ አልመጣም፤ እስከ ዛሬም አልመጣም። ጭልፊት ከጫጩቶቹ ሲነጥቃት፣ እያሯሯጠች ድንጋይ ስትወረውር አልጋዬ ላይ ሆኜ እሰማታለሁ። «ለማን ነው ይሄ ሁሉ ልፋት?» ስላት፣ «ለቤቱ» ትለኛለች።

ከጫጩቶቹ አንዷ ቀይ ሆና አደገች፤ እንቁላል ልትጥል የደረሰች ቄብ። ፆም በሌለበት በአንድ ተራ ማክሰኞ እናቴ ያዘቻትና ለባለቤቴ ቢላዋ ሰጠችው።

«ምን በዓል ነው?» አልኳት።

«ግቢና ተኚ» አለችኝ።

ቁጣዋን ስለማውቀው ገባሁ። ተከትላኝ መጥታ አልጋዬን በነጠላ ጋረደች፤ ፀሐይ እንዳይነካኝ፣ ለአራስ እንደሚደረገው። ግራ ገብቶኝ እዚያው ቆየሁ። በመጨረሻ ቅቤ የዋኘበት ወጥ ይዛ ገባችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«እነዚያን ያኔ ማረድ ነበረብኝ» አለች፤ አላየችኝም። «ልጅ የሌለበት የምን የአራስ ዶሮ ይሉኛል ብዬ ሰው ፈራሁ። አንቺ አምጠሽ ወልደሽ፣ ወተትሽ እየፈሰሰ፣ እኔ ሽሮ አበላሁሽ። ዛሬ ነገ ስል አውሬ ቀደመኝ። ያን ቀን ያለቀስኩት ለዶሮ መሰለሽ?»

እንጀራውን በወጡ አርሳ፣ ሥጋውን ፈልፍላ ጠቀለለች። አጎረሰችኝና፣

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ» አለችኝ።

ይህን ለእኔ ያለኝ ሰው አልነበረም። መልሱን አላጣሁትም፤ ስንቷን አራስ ስጠይቅ ሰምቼዋለሁ። ግን አፌ ሙሉ ነበር፤ እያለቀስኩ አኘክሁ።