የኮምፒውተሩን ክፍል ላስከፈተችው ስንዱ

ጠዋት የስንዱ ወንድም ደውሎ "ስንዱ አረፈች" ሲለኝ "የቷ ስንዱ?" አልኩት። ሌላ ስንዱ እንዲጠራልኝ ፈልጌ ነው። የለችም፤ አንድ ስንዱ ብቻ ነው የማውቀው።

ኩላሊቷን ታማ ከሙጃ ወደ ወልድያ ሲወስዷት መንገድ ላይ አለፈች አሉ። መታመሟን እንኳ አልሰማሁም ነበር። ሠላሳ ዓመትም አልሞላት።

ለማታውቋት፣ ስንዱ የብልባላ ልጅ ናት። አስራ አንደኛና አስራ ሁለተኛ ላሊበላ ስንማር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ኖረናል።

ያኔ የኮምፒውተር ትምህርት የምንማረው ከፕላዝማ ነበር፤ እሱም መብራት ካለ። ኮምፒውተሮቹማ አሉ። ከነላስቲካቸው ተደርድረው በመስኮት እናያቸዋለን፣ በሩ ግን ተቆልፏል። ርዕሰ መምህሩ "ቢበላሽ ማን ይጠየቃል? አንድ ለአምስት ተደራጁና ማስታወሻችሁን አጥኑ" ይሉናል። ነክተነው የማናውቀውን ነገር አምስት ሆነን እናጠናለን።

ስንዱ ደብተሯ ላይ ፕሮግራም ትጽፍና "በይ ቁጥር ስጪኝ፣ ኮምፒውተሩ እኔ ነኝ" ትለኛለች። ቁጥር እሰጣታለሁ። በጣቷ መስመር በመስመር እየተከተለች ትሠራውና መልሱን ትነግረኛለች። ሲሳሳት ትስቃለች። "እሱ ምን ያድርግ፣ ያዘዝነውን ነው የሠራ" ትላለች።

አንድ ቀን ቆርጣ ቢሮ ገባች። እኔ ፈርቼ በር ላይ ቀረሁ።

"ቲቸር፣ የሚጠየቅ ሰው ከጠፋ እኔ ዋስ ላምጣ?"

"ዋስሽ ማነው?"

"አባቴ።"

ተስፋ ትቁረጥ ብለው ይመስለኛል፣ "ይምጡና ይፈርሙ" አሏት።

አባቷ ከብልባላ በእግራቸው መጡ። ወረቀቱ ሲነበብላቸው "ለምኑ ነው ዋስ የምሆነው?" ብለው ጠየቁ። ስንዱ በመስኮት አሳየቻቸው። ትንሽ ቆመው አዩና "እንግዲህ ካልሽ" ብለው በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።

ሦስት ቅዳሜ ተከፈተልን። ሦስት ብቻ። የመጀመሪያው ቀን ከደብተሯ ያስገባችው ፕሮግራም በአንዴ ሠራላት። አጥፍታ እንደገና ጻፈችው።

በሦስተኛው ቅዳሜ መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዱ ኮምፒውተር አልነሳ አለ። ክፍሉ ተቆለፈ፣ አባቷም ተጠሩ። ስንዱ የመብራቱ ጥፋት መሆኑን ብታስረዳ ብታስረዳ የሚሰማት አጣች። በመጨረሻ አባቷ "ሰብራው ከሆነ እኔ አለሁ። ካልሰበረችው ግን በምኗ ነው የምትቆጧት?" አሉ። ተምረን እስክንወጣ ያ በር አልተከፈተም።

ይህን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል።

በፈተናው ከሁላችንም በላይ አመጣች። የመጀመሪያ ምርጫዋ ኮምፒውተር ሳይንስ ነበር፤ የደረሳት የእጽዋት ሳይንስ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ለእኔ ደረሰኝ። አራተኛ ምርጫዬ ነበር። እሷ ያስጠናችኝ እኔ! አቤቱታ ስታስገባ "ሲስተሙ ነው የመደበሽ" ብለው መለሷት።

ተመርቃ ሙጃ የግብርና ባለሙያ ሆነች። ባለፈው ክረምት የትኛው ቀበሌ ምን እንደዘራ የሚይዝ ፕሮግራም በቢሮዋ ኮምፒውተር ራሷ እየሠራች እንደሆነ ነገረችኝ። አንድ ቦታ እምቢ ብሏት ፋይሉን ላከችልኝ። "ሲመችሽ እይልኝ እህቴ" አለች። እኔ ደግሞ ሥራ በዛብኝ። ሁለት ጊዜ ደወለች፣ ሁለቴም "ነገ አየዋለሁ" አልኳት።

ዛሬ ከወንድሟ ስልክ በኋላ ከፈትኩት። የጎደለው አንድ መስመር ነው። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ጠዋት በሙሉ በማን ልናደድ ስል ነበር፤ አሁን አውቄዋለሁ።

ስንዱዬ፣ ቀብርሽ ነገ ነው አሉኝ፤ ከአዲስ አበባ አልደርስልሽም። ፕሮግራሙን ለሥራ ባልደረቦችሽ ልኬዋለሁ። ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ያንቺ ስም ነው። የእኔን የትም አላስገባሁም።

ደህና ሁኚ እህቴ። ይሠራል። ስትጠብቂኝ ነበር ልነግርሽ የሚገባኝ።