ፈተና ላይ አቤት ያልኩበት ስም

ከመርሳ የወጣሁ ማታ እናቴ ቦርሳዬ ውስጥ በሶ ስታስገባ፣ እኔ ከበሶው ሥር የኮሌጁን ሞጁል እከት ነበር። ደላላው በሩ ላይ ቆሞ፣ "ይሄ ወረቀት ምን ያደርግልሻል? እዚያ የምታጥቢው ሽንት ቤት ነው፣ የምትሠሪው ሒሳብ አይደለም" አለኝ።

"ሁለቱንም እሠራለሁ" አልኩት።

አባቴ አትመልሽለት በሚል ዓይን አየኝ። ፓስፖርቴ ገና የሰውዬው ኪስ ውስጥ ነበር።

ስለ ፓስፖርቱ ልንገራችሁ፣ አለበለዚያ ቀጥሎ ያለው አይገባችሁም። ስሜ ትርንጎ አበበ ይማም ነው። ለወሎ ሰው እዚህ ስም ውስጥ የሚገርም ነገር የለም፤ አያቴ መስጊድ ይሄድ ነበር፣ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ማንም ምን ነካችሁ ብሎን አያውቅም። ደላላው ግን ይማም የሚለውን ሲያይ ፊቱ በራ። "አያትሽ ግማሹን ሥራ ሠርቶልናል። አሠሪዎቹ እስላም ነው የሚፈልጉት፤ የፊተኛውን ብቻ እናስተካክለው" አለ። ስሜ ተስተካከለና ሰአዳ ሆኜ ሪያድ ገባሁ።

ወልድያ ካለ አንድ ኮሌጅ በርቀት አካውንቲንግ የጀመርኩት ከመሄዴ በፊት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣሁም፣ እውነቱ ይሄ ነው። እዚህ ስደርስ ትምህርቱ ሁሉ ወደ ስልክ ዞሮ ጠበቀኝ፤ ሞጁሉ በፒዲኤፍ፣ ሌክቸሩ በድምፅ፣ አሳይመንቱ ፎቶ አንስቶ መላክ። ኢርፎኑን ሻሼ ሥር ደብቄ የጌታዬን ነጭ ጀለቢያ እየተኮስኩ ስለ ዲፕሪሲዬሽን፣ ስለ ንብረት ዋጋ መውረድ፣ ተምሬያለሁ። አንዱን ጀለቢያም አቃጥያለሁ፤ እሱም ዋጋው ወረደ ማለት ነው።

እናንተ እዚያ ያላችሁ የመርሳን ሙቀት ታማርራላችሁ። የመርሳ ሙቀት እኮ የማንጎ ጥላ አለው። እዚህ በር ስትከፍቱ የምድጃ አፍ ነው የሚቀበላችሁ። ማንጎውም ሱፐርማርኬት ውስጥ አንድ አንዱ በወረቀት ተጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ ተኝቷል፤ ከመርሳ አጠገብ ባለችው ግራና ገበያ በጆንያ ሲዘረገፍ ያየሁት ማንጎ መሆኑን ለማመን ማሽተት አለብኝ። ባሸተውም አይሸትም።

የቀረኝ የመጨረሻው ፈተና ነበር። ካለፍኩ ኮንትራቴ ሲያልቅ ዲፕሎማ ይዤ እመለሳለሁ፣ በስሜ ሥራ እጠይቃለሁ። ካላለፍኩ አሠሪዬ ማዳም ኮንትራቱን ታሳድሳለች፣ እኔም እፈርማለሁ። ራሴን አውቃለሁ።

ፈተናው ዓርብ ጠዋት ሆነ። እዚህ ዓርብ እረፍት ነው፤ ቤቱ እስከ ጁምዓ ይተኛል። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ፣ ስልኩን የሳሙና ካርቶን ላይ አቆምኩ። ደንቡ ካሜራ ክፍት፣ ማይክ ክፍት፣ ከመቀመጫ መነሳት ክልክል፣ ሁሉም ይቀዳል። ፈታኙ መምህር ሙሉጌታ ከወልድያ ቢሮው ያየናል።

"ትርንጎ አበበ።"

"አለሁ፣ መምህር።"

"ከኋላሽ የሚጮኸው ምንድነው?"

"ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነው።"

"አጥፊው።"

"ካጠፋሁት ሥራ ፈታች ብለው ይመጣሉ።"

ሳቁን ሲውጥ አየሁት። ተወው።

ግማሽ እንደሠራሁ ከደረጃው ላይ "ሰአዳ" የሚል ድምፅ መጣ። አፌ እኔን ሳይጠይቅ "ነዓም፣ ማማ" አለ፤ እግሬም ተነሣ። ማዳም የሕፃኑን ጡጦ ነበር የፈለገችው። ሰጥቻት ስመለስ መምህር ሙሉጌታ ወደ ካሜራው ተጠግቷል።

"ሰአዳ ማናት?"

"ማንም አይደለችም።"

"አቤት ያልሽው አንቺ ነሽ። ሰአዳ ናት ለትርንጎ የምትፈተነው?"

"መምህር፣ ይሄ ጥያቄዎ ከፈተናው ይከብዳል።"

"መታወቂያ አሳዪኝ።"

እጄ ላይ ያለው ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ብቻ ነው፤ እሱም ሰአዳ ይላል። ካሳየሁት ትርንጎ አልተፈተነችም ይባላል። በሌላ ስም እንደገባሁ ከተናገርኩ ደግሞ ቅጂው ማን እጅ እንደሚገባ አላውቅም፤ ተርሂል የሚባለውን የመመለሻ እስር ቤት ያየች ልጅ ያወራችኝ አልጠፋኝም። "መታወቂያዬ አሠሪዎቼ ጋ ነው" አልኩ። የብዙዎቻችን እውነት ነው፣ የእኔ ግን አልነበረም።

"ጨርሺ" አለኝ። "ውጤትሽ ግን ታግዷል።"

በሳምንቱ ደወለልኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ልጆች በሌላ ስም እንደሚሄዱ ገብቶታል። "ፓስፖርትሽ ላይ ያለውን ላኪልኝና እኛ ጋ ያለውን ስም እናስተካክለው፤ ቀላል ነው" አለ።

"ስሜ አንዴ ተስተካክሏል፣ ይበቃዋል" አልኩት።

"እንግዲያው አባትሽ የልደት ካርድሽን ይዘው ይምጡና ይመስክሩ።"

አባቴ ሥራውን ትቶ፣ ካርዱን ይዞ በሚኒባስ ወልድያ ገባ። ሲደውሉልኝ ማድቤት ሽንኩርት እከትፍ ነበር፤ ማዳም አጠገቤ ቆማ ስልኳን ትነካካለች። የእነሱ ስልክ ላውድ ላይ መሆኑ ከድምፁ ያስታውቃል።

"አባት፣ አንቱ በስሟ ይጥሯት፤ እኛ እንሰማለን" አለ መምህር ሙሉጌታ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሄሎ፣ ሰአዳ" አለ።

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ከወጣሁ ጀምሮ በስልክ እንዲህ ነው የሚለኝ። ደላላው፣ ስልክ ይጠለፋል፣ የቤት ስሟን ከጠራችሁ ታስይዟታላችሁ ብሎ አስፈራርቷቸው ቤቱ በሙሉ ለምዶታል። እኔን መጠበቁ ነው።

"አባት፣ እኛ ትርንጎን ነው ያልነው።"

"እሷው ናት።"

"እንግዲያው ትርንጎ ብለው ይጥሯት።"

አባቴ አፉን ስልኩ ላይ ለጥፎ፣ እነሱ እንዳይሰሙት፣ "ልጄ፣ እዚህ ሰው አለ እኮ" አለኝ።

"ሰው ስላለ ነው፣ አባባ። ጥራኝ።"

ከውጭ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማኛል። ከዚያ ምስጢር እንደሚያወጣ ሰው፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ "ትርንጎ" አለ።

"አቤት" አልኩ። ድምፄ ማድቤቱን ሞላው።

ማዳም ቀና ብላ "ሚን ሃዳ?" አለችኝ፤ ማነው ማለቷ ነው።

"አባቴ ነው" አልኳት።

የኮሌጁ ኮሚቴ፣ አባትየው ሁለት ስም ጠርተዋል ብሎ ጉዳዩን አሳድሮታል፤ ይህን ስጽፍ ገና አልወሰነም። ማዳም ኮንትራቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣልኛለች። አባቴ አሁንም ይደውላል፣ ግን በየትኛው እንደሚጠራኝ ግራ ገብቶታል። ስልኩን ሳነሳ፣ "ሄሎ፣ እኔ ነኝ" ይላል።