የባሕር ዛፏ ውታፍ

አንዲት ከባሕር ዛፍ የተጠረበች ውታፍ ያስወጣችን ይህን ነው፦ ሁለት ጎሚኒ፣ አንድ ጋስኬት፣ ዘጠኝ ሊትር የሞተር ዘይትና አንድ ሰው።

ልጅ እያለሁ አባቴ ከእንጦጦ አጠና እያወረደ የሚነግድባት አሮጌ ባለቱርቦ ፒክአፕ ነበረችው። ሲግናል ሰፈር በነበረው ግቢያችን የባሕር ዛፍ ልጣጭና የናፍጣ ሽታ ከልብሳችን አይጠፋም። መኪናዋ የምትቆመው ብይ ከምንጫወትበት ጉድጓድ አናት ላይ ነው። ሞተሯ የሚተነፍስባት አንዲት የጎማ ቱቦ ጠብ፣ ጠብ እያለች ጉድጓዳችንን በዘይት ታጨቀየዋለች። እኔ ደግሞ እጄ አርፎ የማያውቅ ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን ከአጠና ቁራጭ ውታፍ ጠርቤ ቱቦዋን ደፈንኳት። ጠብታው ቆመ። መካኒክ የሆንኩ መሰለኝ።

ሞተር ግን መተንፈሻውን ከዘጋህበት በሌላ በኩል ይፈነዳል። በሳምንቱ ዘይቱ ከሞተሩ ፊት ባለው የጎማ ማሸጊያ፣ በጎሚኒው፣ በኩል ፈሰሰ። ያባቴ አብሮ አደግና መካኒካችን ጋሽ ቶሎሳ ቀየሩት። ፈሰሰ። ደግመው ቀየሩት፤ የቱርቦውን ጋስኬትም ጨመሩበት። ቱቦዋን በቅርቡ ራሳቸው አጥበው ስለገጠሟት አልጠረጠሯትም።

ለሙከራ የእንጦጦን አቀበት ተያያዝነው፤ እኔ መሃላቸው ተቀምጬ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ መኪናዋ በሰማያዊ ጭስ ታፈነች። አባቴ ወርዶ ሥሯን አየ።

"ቶሎሳ፣ ላም አደረግኸኝ እንዴ? በየሳምንቱ የምታልበኝ?"

"አንተ ሰውዬ፣ ዘይቱን እኔ ጠጣሁት? ትንሽ ታገሠኝ፣ አገኘዋለሁ።"

"ከዛሬ ጀምሮ ግቢዬን እንዳትረግጥ!"

ውታፌ ያኔ ትዝ አለችኝ። ምላሴ ግን አልተላወሰም፤ ያባቴን ቀበቶ አውቀዋለሁ። ጋሽ ቶሎሳ የመፍቻ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ቁልቁለቱን በእግራቸው ወረዱ። ዝምታ ወርቅ ነው ይሉን ነበር ትልልቆቹ። ወርቁን እስከ ዛሬ አላየሁትም።

በማግስቱ ውታፏን ነቅዬ ከአጥር ማዶ ወረወርኳት። በጎሚኒው የሚፈሰው ዘይት ቆመ። አሁን ነገሩ ይበርዳል ስል፣ አባቴ ለሰፈሩ ሁሉ "አያችሁ? ሌባው ሲሄድ ዘይቱም ቆመ!" እያለ ያወራ ጀመር። የኔ ጥገና በጋሽ ቶሎሳ ላይ ማስረጃ ሆኖ አረፈው።

ዛሬ መገናኛ ሱቅ አለኝ፤ አሮጌ ባለቱርቦም አለችኝ። ዘይት ባፈሰሰች ቁጥር የዘንድሮ መካኒኮች ኮምፒውተር ሰክተው "ቱርቦው ይቀየር፣ ብሮ" ይሉኛል። እኔ ቀድሜ የማየው ቱቦዋን ነው። ባለፈው በገዛ ጥቀርሻዋ ተደፍና አገኘኋት፤ በሽቦ ጠረግኳት፣ ዘይቱ ቆመ። ያኔ ቢሆን አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ሽቦም አያስፈልግም።

አምና አባቴ ሲሞት ጋሽ ቶሎሳ ለለቅሶ መጡ። ድንኳኑ ግቢ ውስጥ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆመው አለቀሱ።

"ይግቡ እንጂ፣ ጋሼ" አልኳቸው።

"አይ ልጄ፣ እንዳትረግጥ ብሎኛል።"

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ሌላ ለቀስተኛ መጣና ዘጋሁት።

ሒሳቡ ሲጠቃለል፦ ጎሚኒዎቹ ተተክተዋል፣ ጋስኬቱም፣ ዘይቱም ተተክቷል። ጋሽ ቶሎሳ ከአጥሩ ውጭ ናቸው።